የአባታችንን ቤት አስይዘን የጌም አከፋፋይ እንሁን?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ሆኖ ነው የምጽፍልዎት። አባታችን ዕድሜውን ሙሉ የእንጨት መጫወቻ ሲሠራ ኖሯል። የፊደል ብሎክ፣ ገበጣ፣ በገመድ የሚጎተት መኪና፣ የአሻንጉሊት አልጋ። ማምረቻችን ኮልፌ ነው፣ ሱቃችን መርካቶ። እሱ ካረፈ በኋላ ሥራውን የያዝነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። እናታችን ዛሬም ሒሳቡን ታያለች። ዋና ደንበኞቻችን መዋዕለ ሕፃናት ናቸው።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት ዱባይ ሄዶ ከአንድ አቅራቢ ጋር ተዋውቆ መጣ። ሰውየው የፕሌይስቴሽንና የኒንቴንዶ ማሽን፣ ሲዲና ጆይስቲክ ያቀርባል። የኢትዮጵያ አከፋፋዬ ሁኑ ይለናል። ግን መጀመሪያ ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ መግዛት አለብን። ያን ያህል ገንዘብ የለንም። ወንድሜ ማምረቻው ያለበትን ቤት ለባንክ አስይዘን እንበደር አለ። ልጆች እንጨት ትተዋል፣ ዛሬ ካልገባን ሌላ ሰው ይቀድመናል ይላል። እናታችን ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በደንብ አይነጋገሩም።

እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ወንድሜ ተሳስቷል ማለት አልችልም፣ ሽያጫችን እውነትም ቀንሷል። ግን ቤቱ ከሄደ ምንም አይቀረንም። ለመሆኑ የመጫወቻ ድርጅት ወደ ቪዲዮ ጌም ገብቶ ያውቃል? ምን ይሻለናል?

እህትዎ ከመርካቶ

•

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ቀጥለሽ ታይዋለሽ። ቤቱን አታስይዙ። ነገር ግን ወንድምሽ ስለ ልጆቹ የሚለው አብዛኛው እውነት ነው፤ ስለዚህ ጌም የሚባለውን እርሱት አልልሽም። እዚያ ገበያ ውስጥ ለእናንተ የሚሆን ቦታ አለ። የዱባዩ ሰውዬ ባሳያችሁ በር መግባት ግን አይታየኝም።

ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። የመጫወቻ ድርጅቶች ወደ ቪዲዮ ጌም ገብተው ያውቃሉ፣ ያውም ብዙዎቹ። ኒንቴንዶ ራሱ በ1889 ጃፓን ውስጥ ኪዮቶ ላይ ሲጀመር የመጫወቻ ካርታ አምራች ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፣ የእኛ ሲሆን እነግርሻለሁ።) በ1966 ተዘርግቶ ዕቃ የሚይዝ የፕላስቲክ እጅ አውጥቶ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሸጧል። ጌም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የወንድምሽ ሐሳብ የእብደት ሐሳብ አይደለም። ይህንን ለእናታችሁም ንገሪያት።

ከሁሉ በላይ የእናንተን ጉዳይ የሚመስል አንድ ታሪክ ግን አለ። እሱን ረጋ ብዬ ልንገርሽ።

በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርልድስ ኦፍ ወንደር የሚባል የመጫወቻ ኩባንያ ተቋቋመ። ቴዲ ረክስፒን የሚባል ድብ አወጣ። ጀርባው ላይ የቴፕ ካሴት ይገባለታል፣ ድቡ አፉንና ዓይኑን እያንቀሳቀሰ ተረት ያወራል። የአሜሪካ ልጆች አበዱለት። ባለሱቆች ድቡን ለማግኘት ይሻሙ ነበር።

በዚያው ሰሞን ኒንቴንዶ አሜሪካ ለመግባት ይታገል ነበር። የአገሩ የጌም ገበያ ከሁለት ዓመት በፊት ፈርሷል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ባለሱቆች ቪዲዮ ጌም የሚባል ነገር ስሙን መስማት አይፈልጉም። ኒንቴንዶ በ1985 መጨረሻ ኒው ዮርክ ላይ ሲሞክር ማሽኑ መጫወቻ እንዲመስል ሮብ የሚባል ትንሽ ሮቦት ጨመረበት። ለባለሱቆቹም እንዲህ አላቸው፤ ዕቃውን ውሰዱ፣ የሸጣችሁትን ብቻ ክፈሉ፣ ያልተሸጠውን መልሰን እንወስዳለን። ይህችን ነገር ያዢልኝ።

አገሩን ሁሉ ለማዳረስ ግን የሽያጭ ሰው ያስፈልገው ነበር። ያንን ከወርልድስ ኦፍ ወንደር አገኘ። የድቡ ሻጮች በየከተማው ያሉትን ባለሱቆች በስም ያውቃሉ። ድቡን የሚፈልግ ሱቅ ለኒንቴንዶም መደርደሪያ ላይ ቦታ እንዲሰጥ ማግባባት ይችላሉ። ደግሞም አደረጉት። ማሽኑ ለዕይታ በቃ፣ ልጆች አዩት፣ ወላጆች ገዙት።

ከዚያስ? ኒንቴንዶ ሲታወቅ ማከፋፈሉን ወደ ራሱ ወሰደ። ወርልድስ ኦፍ ወንደር የድቡ ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ዕዳው ከበደውና በዲሴምበር 1987 ከአበዳሪዎች ከለላ ፈልጎ ፍርድ ቤት ገባ። ከሻጮቹ ብዙዎቹን መልሶ የቀጠራቸው ኒንቴንዶ ነው። በር ያንኳኩት፣ ገበያውን ያስለመዱት የመጫወቻው ኩባንያ ሰዎች ነበሩ። ትርፉ ግን የጌሙ ባለቤት ዘንድ ቀረ።

ባርቢን የሚሠራው ማቴልም በእንግሊዝና በጣልያን የኒንቴንዶን ማሽን አከፋፍሎ ነበር። በኋላ ኒንቴንዶ አውሮፓ ውስጥ የራሱን ቢሮ ከፈተ፣ ሥራውም ከማቴል እጅ ወጣ።

እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፣ ማንም ማንንም አላታለለም። አከፋፋይነት ተፈጥሮው ይህ ነው። ዕቃው የሌላ ሰው ነው፣ ስሙም የሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ አገሩን እስኪለምድ ትጠቅሚዋለሽ። ከለመደ በኋላ አንቺን የሚያቆይ ነገር በውሉ ላይ ካልተጻፈ የሚያቆይሽ ነገር የለም።

የእናንተ ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው። እነዚያ የተዋዋሉት ከኒንቴንዶ ከራሱ ጋር ነበር። እናንተ የምትዋዋሉት ዱባይ ከሚቸረችር ሰው ጋር ነው። ሰውየው ፕሌይስቴሽንን ከሚሠራው ከሶኒ ወይም ከኒንቴንዶ የተሰጠ ሥልጣን አለው? ያ ሥልጣን ኢትዮጵያን ይጨምራል? ወረቀቱን አይታችኋል? ከሌለው «የኢትዮጵያ አከፋፋዬ» የሚለው ቃል ምንም አያስጥልም። ነገ ሌላ የመርካቶ ነጋዴ ዴራ የሚባለው የዱባይ የገበያ ሰፈር ወርዶ ያንኑ ዕቃ ከጎረቤቱ ሱቅ ሊገዛ ይችላል። ከአሜሪካ ለዘመዱ በሻንጣ ይዞ የሚመጣው ደግሞ ኪራይም የባንክ ወለድም የለበትም። እናንተ ቀረጥ ከፍላችሁ፣ ወለድ ከፍላችሁ፣ ከእሱ ጋር በዋጋ ልትፎካከሩ ነው።

አሁን በ1983 ወደፈረሰው ገበያ ልመለስ፤ የእናታችሁ ፍርሃት ያለው እዚያ ነውና።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ሰው ወደ ጌም ሮጧል። ከሯጮቹ መካከል ሁለት ትልልቅ የመጫወቻ ኩባንያዎች ነበሩ። ማቴል ኢንተሊቪዥን የሚባል ማሽን ይዞ መጣ፣ ከ3 ሚሊዮን በላይም ሸጠ። ኮሌኮ ደግሞ በ1932 የጫማ ቆዳ በመነገድ የተጀመረ ቤት ነው፤ በኋላ ወደ መጫወቻ ዞረ፣ በ1982 ኮሌኮቪዥንን አወጣ፣ እሱም በጣም ተሸጠለት። ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ። ልጆችን ያውቃሉ፣ ሱቆችን ያውቃሉ።

ግን የጌም ካሴት የሚያወጣው ሰው በዛ። ጥሩውም መጥፎውም አንድ መደርደሪያ ላይ ተከመረ። ያልተሸጠለት ባለሱቅ ለአከፋፋዩ ልመልስልህ አለው። አከፋፋዩ ለአሳታሚው። አሳታሚው ገንዘቡን አጥፍቶታል፣ አንዳንዱም ተዘግቷል። ስለዚህ ባለሱቁ በ30 እና በ40 ዶላር ሊሸጠው ያሰበውን ካሴት ቅርጫት ውስጥ ጥሎ በ5 ዶላር ሸጠው። በ5 ዶላር እያገኘ በ40 የሚገዛ ማን አለ? አዲሱም ቆመ። አታሪ የሚባለው የጌም ኩባንያ ያልተሸጡ ካሴቶቹን በመኪና ጭኖ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ቀበረ። በ2014 ተቆፍረው ሲወጡ ዓለም ሁሉ አይቷቸዋል። ማቴል የጌም ክፍሉን በ1984 መጀመሪያ ላይ ዘጋው።

ኮሌኮ የባሰ ነገር ገጠመው። በ1983 አዳም የሚባል የቤት ኮምፒውተር ጨመረ። ማሽኑ ሲበራ የሚለቀው መግነጢስ ውስጡ በተረሳ ካሴት ላይ የተቀዳውን ያጠፋ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በፕሪንተሩ በኩል ስለነበር ፕሪንተሩ ከተበላሸ ሁሉም ነገር ይቆማል። ሰው እየመለሰ አመጣው። በዚያው ዓመት ካቤጅ ፓች የሚባሉ የኮሌኮ አሻንጉሊቶች ልክ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሸጡ ነበር። የአሻንጉሊቱ ትርፍ ኮምፒውተሩ የቆፈረውን ጉድጓድ መሙያ ሆነ። ኩባንያው በ1988 ከሰረ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝርልሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ዕቃችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ እንድታይው ነው። የፊደል ብሎካችሁ ዘንድሮ ባይሸጥ ለከርሞ ይሸጣል። ሀሁ በየዓመቱ አይለወጥም። ከመዋዕለ ሕፃናት ተሰብሮ ቢመጣ ሠራተኛችሁ አጣብቆ ይመልሰዋል። የጌም ሲዲ ግን ይበላሻል፤ ሲዲው ደህና ሆኖ ዋጋው ይበላሻል። የእግር ኳሱን ጌም ተመልከቺ። ሁላችንም ፊፋ እያልን የምንጠራው፣ ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የተባለው ማለቴ ነው። በየዓመቱ መስከረም አካባቢ አዲሱ ይወጣል። አዲሱ በወጣ ማግስት የአምናውን በስንት ትሸጪዋለሽ? የጌም ቤት ልጆች አዲሱን ቡድን፣ አዲሱን ማልያ ነው የሚፈልጉት። ዕቃችሁ ጉምሩክ ላይ አንድ ወር ቢቆይ ያ አንድ ወር ራሱ ኪሳራ ነው።

ብድሩ በብር ነው፣ ዕቃው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የሆነውን አልረሳሽም። የምንዛሪ ዋጋው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የመጀመሪያውን ዕቃ ሸጣችሁ ሁለተኛውን ለማምጣት ስትነሱ ያተረፋችሁ የመሰላችሁ ገንዘብ ያንኑ ያህል ዕቃ ላይገዛ ይችላል።

ደግሞም ሲዲው ራሱ እየቀረ ነው። ሶኒ በ2020 ፕሌይስቴሽን 5ን ሲያወጣ አንዱን ዓይነት ሲዲ ማስገቢያ ሳያደርግለት ነው ያወጣው። በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ ጭራሽ ማስገቢያ የለውም፣ ለብቻው ይገዛል። ጌሙ ከኩባንያው መደብር በኢንተርኔት ቀጥታ ይወርዳል፣ መሃል ላይ አከፋፋይ የለም። በዚያ ላይ የፕሌይስቴሽን መደብር ኢትዮጵያን ከሚያገለግላቸው አገሮች ውስጥ አላስገባትም። እዚህ ያለ ልጅ የሌላ አገር አካውንት ከፍቶ ነው የሚጫወተው። ለአንዱ አገር የተሠራ ሲዲ በሌላ አገር አካውንት ላይ ተጨማሪውን ክፍል ላይቀበል ይችላል። ደንበኛው ተናዶ የሚመጣው ወደ ሶኒ አይደለም፣ ወደ አንቺ ሱቅ ነው። ማሽኑ ቢበላሽስ? ዋስትናው ማን ጋ ነው? ዱባይ ድረስ መልሶ የሚልክ ማን ነው? ይህ በውሉ ውስጥ ከሌለ መልሱ እናንተ ናችሁ።

እስካሁን የወደቁትን ብቻ ነገርኩሽ። ወንድምሽ ይህን ሲያነብ «ያገኘ የለም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። አለ። እኔም የምወደው ታሪክ ነው።

ብራዚል ውስጥ ቴክቶይ የሚባል የኤሌክትሮኒክ መጫወቻ ኩባንያ በ1987 ተመሠረተ። ከጃፓኑ የጌም ኩባንያ ከሴጋ ጋር ተስማማ። መጀመሪያ ያወጣው የሴጋን የመጫወቻ ሽጉጥ ነው፣ ቀጥሎ በ1989 ማስተር ሲስተም የሚባለውን የጌም ማሽን። ብራዚል ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከባድ ቀረጥ ነበራት። ቴክቶይ ማሽኑን አምጥቶ ከመሸጥ ይልቅ ማናውስ ከተማ እዚያው አገሩ ውስጥ ይገጣጥመው ጀመር። ጌሞቹን ወደ ፖርቱጋልኛ አስተረጎመ። ተጫዋች ሲቸግረው የሚደውልበት የስልክ መስመር ከፈተ። ከዚህም በላይ ሄደ። ከሴጋ ጌሞች አንዱን ወስዶ ጀግናውን አወጣና የብራዚል ልጆች ሁሉ የሚያውቋትን የካርቱን ልጅ ሞኒካን አስገባበት። ማስተር ሲስተም በሌላው ዓለም ከተረሳ በኋላም ብራዚል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተሸጧል።

ለስላሳ መንገድ አልነበረም። ቴክቶይም በ1990ዎቹ መጨረሻ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ተንገዳግዶ ነበር። ግን ተነሳ። ሴጋ በራሱ ብራዚል ገብቶ ሊሠራው የማይችለውን ነገር ስለሚሠራ ነው የቆየው። ቋንቋውን፣ ጥገናውን፣ የልጆቹን ጀግና እሱ ነበር የያዘው። ወንድምሽ ስለ አከፋፋይነት ሲያስብ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፤ የዱባዩ ሰው ወይም ማንኛውም በሻንጣ የሚያመጣ ሰው የማይችለው፣ እኛ ብቻ የምንችለው ነገር ምንድን ነው?

ማቴል ራሱ ለዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ በጣም ጥሩ መልስ፣ አንድ ጊዜ በጣም መጥፎ መልስ ሰጥቷል። በ1996 ለባርቢ ልብስ የሚነደፍበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አወጣ። ልጅቷ ኮምፒውተር ላይ ቀሚስ ትነድፋለች፣ ለዚሁ በተሠራ ጨርቅ ላይ በፕሪንተር ታትመዋለች፣ ከዚያ ቆርጣ አሻንጉሊቷን ታለብሳለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ብቻ ከ500 ሺህ በላይ ተሸጠ። ኮምፒውተሩ አሻንጉሊቷን አልተካም፣ ልጅቷን መልሶ ወደ አሻንጉሊቷ አመጣት። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1999 ያው ማቴል ለርኒንግ ካምፓኒ የሚባል የኮምፒውተር ጌምና ትምህርት ኩባንያ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛ። የማያውቀው ሥራ ነበር። ያልተሸጠ ዕቃ ከየሱቁ ይመለስበት ጀመር። በቀን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያከስር ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጇ ጂል ባራድ በፌብሯሪ 2000 ለቀቀች። በዚያው ዓመት ማቴል ኩባንያውን አንድ ዶላር እንኳ በቅድሚያ ሳይቀበል ለሌላ አስረከበ።

የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ብሎኮች የሚሠራውን ሌጎንም ተመልከቺ። በ1932 ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲጀመር አናጺ ነበር መሥራቹ፤ እንደ አባታችሁ የእንጨት መጫወቻ ይሠራ ነበር። በ1990ዎቹ ጌም ራሱ አሳታሚ ሆኖ ያወጣ ነበር። በ2003 እና በ2004 ኩባንያው በአጠቃላይ ከባድ ኪሳራ ደረሰበት። ያኔ ከብዙ ነገር እጁን ሰበሰበ። ጌም ማሳተሙን ለሌሎች ለቀቀ፣ ስሙንና ቅርጹን በፈቃድ አከራየ። በ2005 የወጣው የሌጎ ስታር ዋርስ ጌም እንዲያ የተሠራ ነው፣ ተከታታዩም ዓለም ዙሪያ ተሸጠ። ሌጎ የጌም ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሳይከምር ከጌም አገኘ።

ወደ ኮልፌና ወደ መርካቶ እንመለስ።

እኔ በቦታችሁ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው ወደ ጌም ቤቶቹ ነው። በየሰፈሩ ልጆች በየጨዋታው እየከፈሉ ፕሌይስቴሽን የሚጫወቱባቸው ቤቶች ማለቴ ነው። ወንድምሽ ባለቤቶቹን ያነጋግር፣ ምን እንደሚቸግራቸው ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በማሽን አይመስለኝም፤ በሚሰበር ጆይስቲክ፣ በኬብል፣ በጥገና፣ በሚወላገድ ወንበርና ጠረጴዛ ነው። ጆይስቲክና ኬብል ትንሽ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ቶሎ ይሸጣል፣ መስከረም ሲመጣ ዋጋው አይወድቅም። አንድ ጎበዝ የጥገና ልጅ ከያዛችሁ ደግሞ በሻንጣ የሚያመጣው ሁሉ ደንበኛችሁ ይሆናል። ጠረጴዛውንና የቲቪ ማስቀመጫውን የሚሠራ ማምረቻ አላችሁ። ጆተኒስ? ጌም ቤት ያለበት ሰፈር ሁሉ ጆተኒ አለ። እንጨት ነው፣ የእናንተ ሙያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሌጎን መንገድ አስቡት። እዚህ አዲስ አበባ ጌም የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ኩኩሉ የሚባለውን የሞባይል ጌም የሠራው ቅኔ ጌምስ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። እናንተ የእንጨቱ ገበጣ አላችሁ። የፊደል ብሎክ አላችሁ። ብሎኩን ስልክ ሲያየው ፊደሉን የሚያነብለት፣ ልጁ ቃል ሲሠራ የሚያመሰግነው ነገር ከእንደዚህ ዓይነት ወጣቶች ጋር ተነጋግሮ መሥራት ይቻላል። እነሱ ሶፍትዌሩን ይሠራሉ፣ እናንተ እንጨቱንና መዋዕለ ሕፃናቱን ታመጣላችሁ፣ ከሽያጩ ትካፈላላችሁ። መዋዕለ ሕፃናቱ አሁንም ስልካችሁን ያነሳሉ እኮ። ይህ ቀላል ሀብት አይደለም፤ ኒንቴንዶ አሜሪካ ሲገባ የፈለገው እንደዚህ ያለ ትውውቅ ነበር።

ወንድምሽ የዱባዩን ሥራ ከነአካቴው መተው ካልሆነለት በልኩ ይሞክረው። ከማምረቻው የተለየ ድርጅት ይክፈት። በ2013 ዓ.ም በወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ለብቻው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። እንዲያ ከሆነ ጌሙ ቢከስር ዕዳው የሠራተኞቻችሁን ደመወዝ አይነካም። ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ባንክ ለእንዲህ ዓይነት ድርጅት ሲያበድር የግል ዋስትና ወይም ቤት ሊጠይቅ ይችላል። እዚያ ላይ እሺ ካላችሁ መለየቱ ትርጉም የለውም። የሚያስገባው ገንዘብ ቢጠፋ እራታችሁን የማይነካ ገንዘብ ይሁን።

ሰውየውንም ያን የኒው ዮርኩን ነገር ይጠይቀው። ትንሽ ዕቃ ስጠን፣ ስንሸጥ እንክፈልህ፣ ያልተሸጠውን መልሰህ ውሰድ። ኒንቴንዶ ገበያ ሲከፍት ያደረገው ይህንን ነው። ሰውየው በኢትዮጵያ ገበያ እንደሚለው የሚተማመን ከሆነ ከአደጋው የተወሰነውን ይሸከማል። አደጋውን በሙሉ በእናታችሁ ቤት ላይ መጫን ከፈለገ ግን እናንተን አከፋፋይ አላደረጋችሁም፣ ትልቅ ደንበኛ ነው ያደረጋችሁ።

ስለ እናታችሁ አንድ ነገር ልበል። ቤቱ የእሷም ነው። እሷ ሳታምንበት የሚፈረም ነገር እንዳይኖር። ከሕጉም በላይ፣ ሒሳቡን ለዓመታት የያዘችው እሷ ናት፤ የትኛው ወር እንደሚጠብባችሁ፣ የትኛው ደንበኛ እንደሚያዘገይ ከሁላችሁም በላይ ታውቃለች። ወንድምሽ ዕቅዱን በወረቀት ላይ ቁጥር በቁጥር አድርጎ ለእሷ ያስረዳት። ስንት ይገዛል፣ ቀረጡ ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው፣ ግማሹ ባይሸጥስ? ስትጠይቀው አይቆጣ። አንቺም መሃል ላይ ቆመሽ የሁለቱን ንግግር አታመላልሺ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸው። እሱ እኮ የሮጠው ያባቱ ሥራ ሲቀንስ እያየ ማደር ስላቃተው ነው። ይህን ከአንቺ አፍ ቢሰማ ደስ ይለዋል።

ሰውየው የሚልከው ውል እንግሊዝኛ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ከመፈረማችሁ በፊት የንግድ ጠበቃ አስነብቡት። ክልሉን፣ የመመለሻውን ቀን፣ ዋስትናውን፣ ውሉ የሚፈርስበትን ምክንያት አንድ በአንድ ያስረዳችሁ። ጌም ቤቶቹን ዞራችሁ የሰማችሁትንም ጻፊልኝ፤ የፊደል ብሎኩን ነገር በተለይ ማወቅ እፈልጋለሁ።